ማመልከቻ ጸሐፊውና ፈራሚው

በኩታበር ለነጋዴዎች፣ ለባለሙያዎችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ በቦሩ በኩል ስመጣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ሥራዬን ጠየቁኝ። «ለነጋዴ ድረ ገጽ እሠራለሁ» አልኋቸው። ሱቁ፣ ዕቃው፣ ዋጋው፣ ስልኩ በኢንተርኔት የሚታይበት ቦታ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ የኔ ልጅ፣ ታዲያ ሲደወል የሚያነሣ ሰው አለ?» አሉኝ። ንግግሬን በወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚያች ጥያቄ በኋላ ግማሹን ሰረዝኩት።

ቻት ጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ «ኤአይ ያልያዘ ነጋዴ ይጠፋል» የማይል አሠልጣኝ ጠፍቷል። እኔ እንዲህ ብዬ አላስፈራራችሁም። ባየሁት ልክ ነጋዴ ደንበኛ የሚያጣው ፈልገው ሲያጡት ነው፤ ስልኩን ቀይሮ ሳይናገር፣ ዋጋው የአምናው ሆኖ ሲቀር፣ ሰዓቱ ሲሳሳት። እነዚህ ሳይስተካከሉ ኤአይ ማስገባት ስሕተቱን በፍጥነት ማባዛት ነው። ስለዚህ ጊዜዬን የምከፍለው ለቤቱ ጽዳት ነው፤ እንግዳውን በኋላ እናስገባዋለን።

አብዛኞቻችሁ የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ አላችሁ። ቲክቶክ ላይ የምትሸጡም አላችሁ። መልካም ነው፤ ሰው ወዳለበት መውጣት ነጋዴነት ነው። ግን ያ ጉልት ነው። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት ቦታው የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራዋን ጠቅልላ ትነሣለች። የእናንተም ገጽ የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ ወይም ኩባንያው ቢዘጋው፣ አቤት የምትሉበት ቢሮ ደሴ ፒያሳ ላይ አታገኙም። የራሳችሁ ድረ ገጽ ግን ቁልፉ በእጃችሁ ያለ ሱቅ ነው። ቁልፉ በእርግጥ በእጃችሁ ከሆነ ማለቴ ነው።

እንዲህ የምለው ስላየሁ ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰው ድረ ገጽ አሠሩ። የሠራላቸው ልጅ የገጹን ስም፣ ዶሜን የምንለውን፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ተንኮል አልነበረውም፤ ሥራው ቀለለለት እንጂ። ከዚያ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ ያንን ኢሜይልም ተወው። የዓመቱ ክፍያ ማሳሰቢያ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ሲገባ ከረመ። አንድ ቀን ገጹ ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ በዚያው ስም የቁማር ማስታወቂያ ወጣበት። ባሕር ማዶ ያሉ የድሮ ደንበኞቻቸው «ጋሼ፣ ሥራ ቀየሩ እንዴ?» እያሉ ደወሉላቸው። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ዶሜኑ በባለቤቱ ኢሜይልና በባለቤቱ ስልክ ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉም ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ ቦታ ይቀመጥ። በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያልቀውን የአገራችንን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ክፍያው በብር ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው ይቀላል። ገጹን የሠራላችሁ ልጅ አድራሻው በ«https» እንዲጀምር ማድረጉንም ጠይቁት። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይህ የሌለውን ገጽ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ ለደንበኛው ይናገርበታል። ሌትስ ኤንክሪፕት የሚባል ድርጅት ለዚህ የሚያስፈልገውን ምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣል፤ ለእሱ ለብቻው ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ተከራከሩት።

ክብደቱንም አስቡ። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ሃያ ፎቶ እንዳለ ብትጭኑ ገጻችሁ 80 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው፤ ደንበኛው ጥቅሉን ከፍሎ፣ ኔትወርኩን ለምኖ፣ ተሰላችቶ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ቢቀነስ ሃያው በሙሉ 3 ሜጋባይት ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ዓይናችሁ አይለየውም። ሲከፈት የሚሽከረከር አርማ፣ በራሱ የሚጮኽ ሙዚቃ ያለበትን ገጽ ግን ሳላይ ብሞት ደስ ይለኛል።

አሁን የምናገረውን ረዘም አደርገዋለሁ፤ በውጭ አገር መጽሐፍ አታገኙትምና። ስለ ፊደላችን ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የየቢሮው ጸሐፊዎች በድሮ አሠራር ይጽፉ ነበር። ፓወር ግዕዝን የምታስታውሱ አላችሁ። በዚያ በድሮው አሠራር «ሀ» ሆኖ የሚታያችሁ ፊደል ለኮምፒውተሩ «ሀ» አይደለም፤ የላቲን ፊደል ወይም ሌላ ምልክት «ሀ»ን ለብሶ ነው። ልብሱ ፎንቱ ነው። ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ስልክ ሲሄድ ልብሱ ይወልቃል፣ የሚቀረውም ዝብርቅርቅ ነው። በድሮ ፋይል ያለ የዋጋ ዝርዝራችሁን ገልብጣችሁ ድረ ገጽ ላይ ብትለጥፉ እናንተ ታነቡታላችሁ፤ ጎግል ግን አያነበውም፣ ኤአዩም አያነበውም፣ ደንበኛችሁም አያነበውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገጹን በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩት።

ፖስተርም ሌላው ጥፋት ነው። ያማረ ሥዕል አሠርታችሁ ዋጋውንም፣ አድራሻውንም፣ ስልኩንም ሥዕሉ ውስጥ ትጽፉታላችሁ። ሥዕል ውስጥ ያለን ስልክ ቁጥር ደንበኛው በጣቱ ነክቶ መደወል አይችልም። በጎግል የሚፈልገውም ሰው ላያገኘው ይችላል። ፖስተሩን ለጥፉት፤ ከሥሩ ግን ያንኑ በጽሑፍ ድገሙት። ቁጥሩንም ከ251 ጀምራችሁ ጻፉት፤ በ09 ይጀምር በ07፣ ጂዳ ያለው ልጅ የሚደውለው እንዲያ ነው።

ሞክሼ ፊደላትም አሉብን። አንዱ «ፀጉር ቤት» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸጉር ቤት»፤ አንዱ «ሥጋ»፣ ሌላው «ስጋ»። የራሳችሁ ከተማ እንኳ ለአንዱ «ኩታበር» ናት፣ ለሌላው «ኩታ በር»። ደሴን በላቲን ፊደል በአንድ «ኤስ» የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ። ርእሱን ትክክል በምትሉት አጻጻፍ ጻፉ፤ በሐተታው ውስጥ ግን ሰፈሩ እንደሚጽፈውም አንድ ጊዜ አግቡት። የአማርኛ መምህሬ ቢሰሙኝ ይቆጡኝ ነበር። ነገር ግን ደንበኛ ሲገባ «ሆሄህን አርም» አይባልም።

የከተማ ስም ካነሣን፣ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። «ኮምቦልቻ» ብቻ ብላችሁ የጻፋችሁ እንደሆነ ማሽኑ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ አታውቁም። «ኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ» በሉ፤ «ከቦርከና ድልድይ ማዶ» ወይም «ወደ ሐረጎ መውጫ» ብላችሁ ምልክት ጨምሩ። የእኛ አገር አድራሻ መቼም ምልክት ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ጉድ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፍታ ማታ 12 ሰዓት የምትዘጋ ሱቅ አለች እንበል። ባለቤቱ በጎግል ካርታ ላይ ሲሞላ እንዳለ «2» እና «12» ብሎ ያስገባል። ካርታው የሚያስበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ያቺ ሱቅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍታ እኩለ ቀን ላይ የምትዘጋ ሆና ቁጭ ትላለች። ከሰዓት በኋላ የፈለጋት ሁሉ «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ባለቤቱ ግን መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብሎ ገበያ ጠፋ ይላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የኛና የእነሱ ዘመን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለው፣ ጳጉሜን የሚባል ወርም አያውቁም። ዋጋ ወይም ቅናሽ ስታወጡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ። ኤአይም በዚህ ላይ ደጋግሞ ይሳሳታል፤ ቀን እንዲቀይርላችሁ ከጠየቃችሁት በግድግዳ ካላንደር አረጋግጡ።

አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቆች ተዘረፉ። ዕቃው ተተካ፤ አንዳንዱ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያለቅሰው ለዱቤ ደብተሩ ነው። ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቀው ያ ደብተር ብቻ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የተማርኩትን ልንገራችሁ። ደብተራችሁን በየሳምንቱ ፎቶ አንሥታችሁ ከሱቁ ውጭ፣ የሚቻል ከሆነም ከከተማው ውጭ አስቀምጡ። ድረ ገጻችሁ ደግሞ እናንተ ባትኖሩም የሚናገር ይሁን። የኛ ኔትወርክ ቢጠፋም ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ሌላ አገር ከሆነ፣ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ዋጋውን፣ አድራሻውንና ስልኩን ማንበብ ይችላል፤ በተራ ስልክም ይደውላል። ሁሉን ነገር «በውስጥ መስመር ጠይቁን» ብሎ የዘጋ ነጋዴ ያኔ ድምፁ ጠፋ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ነገር ኔትወርክ እያለም አልወደውም።

አሁን ኤአዩን እናስገባው። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ ታውቁታላችሁ። ችግራችሁን በአፋችሁ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ያሳምረዋል። እጁ ፈጣን ነው፣ ቃሉ የተመረጠ ነው። የመሬታችሁን ድንበር ግን አያውቅም፤ ያልነገራችሁት ሲጎድልበት ከልማዱ ይሞላዋል። ሳታነቡ ፈርማችሁ ካስገባችሁ ዳኛው የሚጠይቀው እናንተን ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው እንዲህ ያለ ጸሐፊ ነው፤ እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ያምራል። ማማሩ ነው የሚያሳስተን።

ይህን ያልተረዳ ትልቅ ድርጅት ምን እንደደረሰበት ላንሣ። ኤር ካናዳ በድረ ገጹ ላይ ለደንበኛ የሚመልስ ቻትቦት ነበረው። አያቱ የሞተችበት አንድ ሰው ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ ጠየቀው። ቻትቦቱ «አሁን በሙሉ ዋጋ ግዛ፣ ቅናሹን በ90 ቀን ውስጥ ትጠይቃለህ» አለው። የአየር መንገዱ ደንብ ግን እንዲያ አይልም፤ ከተጓዙ በኋላ መጠየቅ አይፈቀድም። ሰውየው ሲከስ አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ ነው ብሎ ተከራከረ። እስቲ አስቡት፣ ጸሐፊውን ክሰሱ ማለቱ ነው! የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ሸንጎ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን አልተቀበለም፤ ድርጅቱ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ለአየር መንገድ ምንም አይደለም። ለኩታበር ባለሱቅ ግን እንዲህ ያለ አንድ ስሕተት የወር ትርፍ ነው፣ ከትርፉም በላይ ስሙ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ጸሐፊው ይበልጥ ይደናገራል። ያነበበው አማርኛ ካነበበው እንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቃል የሚያነበውም ቆራርጦ ነው፤ የኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቦታ ይቆራርጠዋል፣ ስለዚህ ሥራው ይዘገያል፣ በሚከፈልበት አገልግሎትም ዋጋው ይጨምራል። «አልተመለሰችላቸውም» የምትለዋን አንዲት ቃል አስቡ፤ ማን እንዳልተመለሰ፣ ለማን እንደሆነ፣ ሴት መሆኗ፣ ድርጊቱ አለመፈጸሙ፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ታሽጓል። እሱ ይህን ሲፈታ «አንተ»ና «አንቺ»ን ያቀላቅላል። ወሎ ላይ አንቱ ተብለው የኖሩ እናት «ትዕዛዝህ ደርሶናል» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ሁለተኛ ከእናንተ አይገዙም፤ እውነት አላቸው።

ታዲያ ምን ላይ ይጥቀም? ረቂቅ ላይ። ባና የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን በድምፅ ታስረዳ፤ የማን በግ ፀጉር እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ለመሥራት ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ልጇ ያንን ጽፎ ለኤአዩ ይስጠውና «ከዚህ የተጻፈውን ብቻ ተጠቀም፤ ያልነገርኩህን አትጨምር፤ የጎደለ ካለ ጠይቀኝ» ይበለው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት፤ ትልቁ ጥቅሙ የሚገኘው በእሷ ነው። ውጭ ያለ ገዢ ምን እንደሚጠይቅ ይነግራችኋል፤ እንዴት ይታጠባል? ክብደቱ ስንት ነው? እኛ የለመድነውን ዕቃ ማስረዳት እንረሳለን። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ላይ ሶልሬብልስን እ.ኤ.አ. በ2004 ስትመሠርት ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ እኛ የናቅነውን በረባሶ ነው ለዓለም ያስተዋወቀችው። ያኔ ኤአይ አልነበረም፤ ዕቃዋን ግን ማስረዳት ታውቅ ነበር።

ሌላው ትርጉም ነው። የጎግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2008 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተሻሽሏል። ከደቡብ ወሎ ዓረብ አገር ያለው ዘመድ ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ለዒድ ወይም ለገና እናቱ ቤት በግ እንዲደርስለት ጂዳ ሆኖ የሚያዝ ልጅ አማርኛውን ያነባል፤ አሠሪው ወይም ጎረቤቱ ከእናንተ ማር እንዲገዛ ከፈለጋችሁ ግን ዓረብኛ ገጽ ያስፈልጋል። ኤአይ ይተርጉም፤ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ግን አይውጣ። ኩታበር ውስጥ ያንን የሚያነቡ ሼኾችም፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶችም ሞልተዋል። ለማየት ይከፈላቸው፤ ዱዓ ብቻ አይበቃም።

የማልፈቅድላችሁ ነገርም አለ። የደንበኛን ስም፣ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር፣ የዱቤ ዝርዝር፣ የባንክ መልእክት ኤአዩ ውስጥ አትለጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ነጋዴም ይጠየቅበታል። ሂሳብ ማስደመር ከፈለጋችሁ ስሙን አውጥታችሁ «ደንበኛ 1፣ ደንበኛ 2» በሉት። ዋጋም ራሱ እንዲወስን አታድርጉ። ለደንበኛ በራሱ የሚመልስ ቻትቦት ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ በየቀኑ የምትጠየቋቸውን አሥር ጥያቄዎች ጽፋችሁ መልሳቸውን በራሳችሁ አማርኛ ገጹ ላይ አኑሩ። ብዙ ሱቅ ከዚያ በኋላ ቻትቦቱ ሳያስፈልገው ይቀራል።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራልናል ትሉኝ ይሆናል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በነጻ ነው፤ እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች ስልካቸው ውስጥ ምስክር ወረቀቱን የያዙ አሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ነው፤ ተማሪው የሚለማመድበት ሥራ ይፈልጋል። አባቶች፣ ልጆቻችሁን በነጻ አታሠሩ። ልጆች፣ ዶሜኑን በአባታችሁ ስም አስመዝግቡ።

ወደ ሚኒባሷ እናት ጥያቄ ልመለስ። ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው የታክሲ አገልግሎት፣ ራይድ፣ መተግበሪያ አለው፤ ግን 8294 ደውሎ መኪና መጥራትም ይቻላል። ስማርት ስልክ የሌለውን ሰው አልጣለችውም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 ለገበሬው በተራ ስልክ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በድምፅ የእርሻ ምክር ይሰጥ ነበር። አገራችን ውስጥ ሥር የያዘ ቴክኖሎጂ በአብዛኛው የሚያነሣ ያለው ነው። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ሲጀመር የተጠራጠርን ነበርን፤ ዛሬ ቁጥሩ ቲማቲም ጉልት ላይ በካርቶን ተጽፎ ቆሟል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የሱቃችሁን ስም በስልካችሁ ፈልጉ፤ የቆየ ቁጥር ወይም የተገለበጠ ሰዓት ካለ አርሙ። ነገ ደግሞ ሱቃችሁ በማያውቀው ስልክ ወደ ራሳችሁ ሱቅ ደውሉና ማን እንደሚያነሣ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ ስሙ። የኔ ቁጥር በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት አነሣለሁ፣ በእኛ ሰዓት።